ቺክ የሚለኝ ሰው

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። ሊያገባኝ የፈለገው ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ከአዲስ አበባ በዝውውር የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሲሆን ቢሮው ከእኛ ክፍል በላይ ነው። ቢሆንም እንግሊዝኛ ሊያስተምረኝ ተነሣ።

ምሳ ጋበዘኝና ጣና ዳር ካለ ዓሣ ቤት ሄድን። ምግቡ ሳይቀርብ ስልኩ ጮኸ። አነሣውና እኔን እያየ፣ "ከአንዲት ቺክ ጋር ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። ስም አለኝ። የድጓ መምህር የሆኑት አባቴ ከግእዝ መርጠው ያወጡልኝ ስም ነው። እሱ ግን ከተዋወቅን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

"ቺክ ምን ማለት ነው?" አልሁት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ማብራራት ጀመረ። ቃሉ የፈረንሳይ ነው አለ። "እኛስ ሽክ ብላለች እንል የለ? እሱ ነው። ዘናጭ፣ ቆንጆ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ወስደው ቺክ አሉት።" እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚያስረዳኝ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከምን እንደሚመጣ ዛሬም አይገባኝም።

እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ "ጫጩት ማለት ነው" አልሁት።

"ኧ?"

"የዶሮ ልጅ። ዶሮን "ቺክን" ከሚሉት አጥሮ የወጣ ነው። ድሮ ልጆቻቸውን ሲያቆላምጡ ይሉት ነበር፤ በኋላ አሜሪካኖች ለወጣት ሴት አደረጉት። ከሽክ ጋር ዝምድና የለውም።"

ዓሣው መጣ። ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ጎረሰና "ታዲያ ጫጩት ምን አላት? ታምራለች እኮ!" አለኝ። እዚያው አሜሪካም ብዙ ሴቶች በዚህ ስም መጠራት እንደማይወዱ ነገርሁት።

"ኤጭ፣ ለምን ችክ ትያለሽ?" አለኝ። ይቺን እንኳ በቦታዋ ተጠቀመባት፤ አማርኛ ናታ።

ጉዳዩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሁለት የኮሌጁ ትልልቅ ሰዎችና አንድ የሰፈር ቄስ። አባቴ ቃላቸውን ሰምተው ሲያበቁ እኔን አስጠሩኝ።

"ልጁን ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ፣ አባዬ።"

"ትፈልጊዋለሽ?"

"አልፈልገውም። በስሜ እንኳ አይጠራኝም፤ ቺክ ነው የሚለኝ።"

ከኮሌጁ የመጡት አንደኛው ቶሎ ብለው "መሪጌታ፣ የዘመኑ ልጆች የፍቅር ቃል ነው" አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ትርጓሜው ምንድን ነው?"

"ጫጩት።"

ጢማቸውን ዳሰሱ። "ጫጩት የሚፈልግ ሰው ገበያ ይሄዳል እንጂ ሽማግሌ አይልክም" አሉ። ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸውና አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልመጡም።

እናቴ ግን ተቆጣች። "ለአንድ ቃል ብለሽ ትዳር ትገፊያለሽ?" እያለች ሰነበተች። ለቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርሁ። ቃል ያላወቀ ሰው ይማራል፤ ይሄኛው ግን ከነገርሁት በኋላ ጫጩትነቱን ሊያስወድደኝ ነበር የሞከረው። ምሳዬንም "አንቺ ትንሽ ነው የምትበይው" ብሎ ሳይጠይቀኝ ያዘዘልኝ እሱ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ መጋበዙ ነው ጥፋቱ?" አለችኝ። ተውኋት።

እሱም "ገጠሬ ናት፣ ቀልድ አይገባትም" እያለ ኮሌጁን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገባ። ድግሱ ላይ ሁላችንም ተጠርተን ነበርና ሄድሁ። ገና ምግብ ሳይነሣ ማይክሮፎን ይዞ ቆመና የትዳርን ትርጉም ለእንግዶቹ ያስረዳ ጀመር፤ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አርባና ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኔ እስኪጨርስ አልጠበቅሁም፤ ወጥቼ ባጃጅ ያዝሁ።