ጓንጉልን ያስቀረው ወሬ

ሸዋርካብሽ በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ ከጓንጉል ጋር በአንድ መደብ በርበሬ እየሸጠች ነው የኖረችው። መሳለሚያ ጀርባ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሁለቱም ስኳር አለባቸው፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የኮሮና ክትባት ለስኳር ሕመምተኞች በቅድሚያ ሲሰጥ እሷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተከተበች። ጓንጉል እምቢ አለ። ያስቀረው ጥላሁን ነው። ጥላሁን ከዱባይ የወፍጮ መለዋወጫ የሚያመጣ፣ በረንዳው ሁሉ ጋሼ የሚለው፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ ነጋዴ ነው። መርፌው ደም ያረጋል፣ የተወጋ ሰው ዓመት አይሞላውም እያለ ያወራ ነበር። ሸዋርካብሽ ወንድሟን ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። «ጋሼ ጥላሁን አገር የዞረ ሰው ነው፤ አንቺ ከእሱ ታውቂያለሽ?» ብሎ አፏን አስያዛት።

በ2014 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ሁለቱንም ሳል ያዛቸው። በርበሬ ውስጥ የሚውል ሰው በሳል አይደነግጥምና ዘገዩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጎረቤት በላዳ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ሁለቱም ተኙ። እሷ ጥቂት ቀን በኦክሲጅን ቆይታ ተነሳች። ጓንጉል ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ መተንፈሻ መሣሪያ ተገጠመለት።

«አንድ በሽታ፣ አንድ ቤት፤ እኔን ብቻ ምን አሻለኝ?» ብላ ነርሷን መቅደስን ጠየቀቻት። መቅደስ ተከትበው የሞቱም እንዳሉ፣ ስለ አንድ ሰው በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረቻት። ቢሆንም እሷ ካየቻቸው ተከትበው ከገቡት አብዛኞቹ በእግራቸው ወጥተዋል፤ መሣሪያ ላይ ካሉት የሚበዙት ግን ያልተከተቡ ናቸው።

ጓንጉል ሳይነቃ ሞተ።

ለቅሶ ላይ ጥላሁን ከቅመም ነጋዴው ከኢስሀቅ አጠገብ ተቀምጦ፣ በሽታው እሱንም ይዞት እንደ ጉንፋን እንዳለፈው አወራ። ኢስሀቅ ምን እንደረዳው ጠየቀው። ጥላሁን ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ለዱባይ ጉዞ ግድ ነው ስላሉት ተወግቶ እንደነበር ነገረው።

ሸዋርካብሽ ከፍራሹ ተነሳች። ዕድሜ ልኳን «እርስዎ» ያለችውን ሰው «አንተ» አለችው።

«መቼ ተወጋህ?»

«ሚያዝያ ይመስለኛል።»

«ወንድሜን ስትከለክለው አንተ ተወግተህ ነበር ማለት ነው።»

ጥላሁን ሰው ያለውን ነው ያልኩት፣ ማንንም አላስገደድኩም አለ። ሽማግሌዎቹ በለቅሶ ቤት ነውር ነው ብለው ሊያስቀምጧት ሞከሩ። እሷ አልተቀመጠችም።

«ውጣልኝ» አለችው። «የጓንጉልን ንፍሮ አትበላም።»

በእጁ የያዘውን ንፍሮ አስቀምጦ ወጣ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ላከባት። እሷም በረንዳው መሀል ቆሞ «ተወግቼ ነበር» ብሎ ለሰው ሁሉ ከተናገረ እታረቃለሁ አለች። አልተናገረም። ስለዚህ ራሷ መናገር ጀመረች፤ በርበሬ እየመዘነች ለደንበኛ፣ ለተሸካሚ፣ ለሊስትሮ። ሰምተው የተከተቡ አሉ። ሐዘን ነክቷታል ብለው ያለፉም አሉ። የጥላሁን ደንበኛ ግን አንድም አልቀነሰም፤ ይህ ነው ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት። ዛሬም በመደቧ ሲያልፍ ሰላም ይላታል። ጊዜ ያበርደዋል ይሏታል። እሷ እንዲበርድላት አትፈልግም።