የዘርፈሽዋል ተራ

ብርቄ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ኋላ ላይ ሊያከራክር ነውና። ቡታጅራ ገበያ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንችና ሽንኩርት ስትሸጥ በሚዛኗ የተጣላት ሰው የለም። ሰው ሲታመም ትጠይቃለች፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰውም እሷ ናት። በየወሩ ሃያ አንድ የሚወጣውን የማርያም ማኅበሯንም አስታጉላ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ በገዛ ጓደኛዋ ላይ «እናሳርፋት» ያለችው እሷው ናት።

ጓደኛዋ ዘርፈሽዋል ትባል ነበር። በርበሬ ነጋዴ ናት። ከመስቃን ገጠር በጋሪ የሚመጣውን ተቀብላ፣ አስጥታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇን እየሩስን አሳድጋ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻት በዚሁ በርበሬ ነው። አፏም እንደ ሸቀጧ ያቃጥል ነበር። ማኅበር ላይ ቄሱ ጸሎቱን ሲያስረዝሙት «አባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ፤ እመቤታችንም ልጅ ያሳደገች ናት፣ ይገባታል» የምትል ሴት ነበረች። ቄሱም ይስቁና ያሳጥሩታል።

ታዲያ ይህች አፈኛ ሴት ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ኖረች። ለሐኪም ገላዬን አላሳይም ብላ ነው የሚሉ አሉ። ልጄ ትመረቅ ብላ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጠበል ተጠመቀችበት፣ ቅባት ተቀባችበት። በመጨረሻ አታት ሆስፒታል ስትሄድ የሚችሉትን አደረጉላት፤ የቀረው የሚቻል ነገር ግን ትንሽ ነበር። ቁስሉ አፍ አወጣ። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይቻልም፤ ይሸታል። ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ደርባ፣ ሎሚ በጨርቅ ቋጥራ አንገቷ ላይ ብታንጠለጥልም ይሸታል።

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ወር ይደርሰዋል። ዝክሩ ሲያበቃ ጽዋው ጠላ ተሞልቶ ለባለ ተረኛው ይሰጣል። ተረኛው በነጠላ ሸፍኖ፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ፣ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ቤቱ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ በዚያ ወር ማርያም እሱ ዘንድ ናት። መስከረም የብርቄ ነው፣ ጥቅምት የዘርፈሽዋል።

መስቀል አልፎ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ገና ክትፎውን ጨርሶ ሳይሄድ፣ ብርቄ ወደ ጋሽ ዱባለ ቤት ሄደች። ጋሽ ዱባለ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ የማኅበር አለቃ እንዲህ ነው የሚባለው።

«ጋሽ ዱባለ፣ ዘርፌ ደክማለች» አለቻቸው። «መደገሱን አትችለውም። እናሳርፋት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። «እውነትሽን ነው፤ ሸክም እንዳንሆንባት» አሉ። ሽታ የምትለዋን ቃል ሁለቱም አላነሷትም።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን ዘርፈሽዋል ብርቄ ቤት ቀድማ መጥታ በሩ አጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች። ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ከጉያዋ አዲስ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ጋሽ ዱባለ ተነሡ። እህታችን ስለታመመች እናሳርፋት፣ ጥቅምትን የኅዳሩ ተረኛ ካሳሁን ይውሰድልን አሉ። ቤቱ ሁሉ «ይሁን፣ ይሁን» አለ። ብርቄም አለች። ዘርፈሽዋል ጨርቁን አንድ ጊዜ አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። ከዚያ እሷም «ይሁን» አለች። ካሳሁን ጽዋውን ይዞ ሲወጣ በአጠገቧ ነው ያለፈው።

በማግስቱ ብርቄ ሙዝ ገዝታ ልትጠይቃት ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰልሚያ፣ የግቢው ጎረቤት፣ ሂጃቧን ወደ ኋላ ጥላ የዘርፈሽዋልን ቁስል ታጥባለች። አፍንጫዋን አልያዘችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። ስለ በርበሬ ዋጋ እያወሩ ነው።

«ግቢ እንጂ ብርቄ፤ በር ላይ ምን ያቆምሻል?» አለች ሰልሚያ።

ብርቄ ገበያ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ተናግራ ሙዙን ደፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

ሦስት ቀን አልፎ ዘርፈሽዋል ጋሽ ዱባለንና ብርቄን አስጠራቻቸው። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር።

«ጋሽ ዱባለ፣ የጠራሁዎት ለክስ አይደለም» አለች። «ለኑዛዜ ነው። ዓለምዘውድ ተራዋ ሲደርስ እናሳርፋት ብዬ ሰዉን ያስማማሁት እኔ ነኝ። አዝኜላት ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው። ሳሏን ፈርቼ ነው።»

ዓለምዘውድ የጋሽ ዱባለ ሚስት ናት። በሳንባ ሕመም ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

«አንቺ መሆንሽን ረስቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ወሬውን ቤት ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ። ማኅበሩ አሳርፎሻል አልኳት። ‹ማን ደከመኝ አለ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማኅበር የሚባል ነገር ካፏ አልወጣም። ከቀበርናት በኋላ ጓዳ ብገባ አንድ ከረጢት ብቅል አገኘሁ። ለተራዋ ያሰናዳችው ነው። ነቅዞ ነበር።»

ብርቄ በዚህ ጊዜ መናገር ነበረባት። የአሁኗን «እናሳርፋት» ማን እንዳመጣት የሚያውቁት እሷና ጋሽ ዱባለ ናቸው፤ እሳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። ብርቄም ዝም አለች።

«ጽዋውን ከካሳሁን ቤት እኔው አመጣዋለሁ» አሉ ጋሽ ዱባለ፣ ሲነሡ።

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ከአሥራ ሁለቱ ሰባት መጡ። አንዱ አዲስ አበባ ሠርግ ነበረበት፤ አንዷን ወገቧን ይዟታል። ወገብ መታመሚያውን ቀን ያውቃል። እየሩስ ከወልቂጤ መጥታ ጠላውን ጠምቃለች። ሰልሚያ ግቢውን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ ድፎ ዳቦውን ከእሳት አውጥታ፣ ጠላው ሲቀዳ ወደ ቤቷ ገባች። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል።

ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ዘርፈሽዋል አስቆመቻቸው።

«አባ፣ የዛሬው ዝክር የእኔ አይደለም። የዓለምዘውድ ነው፣ ያኔ የዘለልናት። በክርስትና ስሟ፣ በወለተ ሥላሴ ይባርኩልኝ።»

«የአንቺስ ተራ?» አሉ ቄሱ።

«የእኔን ኅዳር ላይ አወጣዋለሁ። ካሳሁን ይታገሠኛል።»

ካሳሁን ራሱን ነቀነቀ። ኅዳር ሃያ አንድ ገና ወር ይቀረዋል። አልጋው ላይ የቀረውን ሰውነት ላየ ሰው ወር በጣም ሩቅ ነው፤ ይህን ከዘርፈሽዋል የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ያለቻት አንዲት ተራ ነበረች፤ እሷንም ለሞተች ሴት ሰጠቻት። ጋሽ ዱባለ የጋቢያቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ጽዋው ዞረ። ቄሱ ቀመሱ፣ ዘርፈሽዋል ቀመሰች፣ ቀጥሎ ያለችው ብርቄ ናት። ብርቄ ተቀበለች። ልትጠጣ ነበር፤ እውነቷን ነው። ጽዋው አፏ ሲደርስ ከንፈሯ በራሱ ጊዜ ገጠመ። ጠላው ከንፈሯን ነካው እንጂ አልገባም። ቀና ስትል ዘርፈሽዋል ታያታለች። ቶሎ ብላ ለጋሽ ዱባለ አቀበለች፤ እሳቸው ረጅም ጊዜ ጠጡ።

ሰው ከሄደ በኋላ ብርቄ ዕቃ ላጥብ ብላ ቀረች። አንድ ብርጭቆ ሦስቴ አጠበች።

«ብርቄ» አለች ዘርፈሽዋል ከአልጋዋ።

«አቤት።»

«እኔም ለዓለምዘውድ እንዲሁ ነበር ያደረግኩት፤ ከንፈሬን ገጥሜ። አይዞሽ።»

ብርቄ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እናሳርፋት ያልኩትም እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። ያኔ እናሳርፋት ስል አጠገቤ የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ። ከእኔ ነው የተማርሽው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቄ በየጠዋቱ ትመጣ ጀመር። ቁስሉን ማጠብ ሰልሚያ አስተማረቻት። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጓሮ ሮጣ አስመለሳት፤ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ቻለች። ቁስሉ ግን እየሰፋ ሄደ፣ ማስታገሻውም እየሰነፈ፤ ሌሊት ጩኸቷ ለሦስት ቤት ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ ጸሎት የት ገባ ብላ ብርቄ ቄሱን ጠየቀቻቸው። ቄሱ አላውቅም አሉ። ይህን በማለታቸው ብርቄ ከዚያ በፊት ካከበረቻቸው ይበልጥ አከበረቻቸው።

ዘርፈሽዋል ኅዳር አምስት ቀን ረፋዱ ላይ ሞተች። ብርቄ ገበያ ነበረች። እጇን ይዛ የነበረችው ሰልሚያ ናት።

በሠልስቱ ለእንግዳ ምንጣፍ ለማውጣት ብርቄ ጓዳ ገባች። ጥግ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩን አንሥታ ቅጠሉን ገለጠች። ገብስ ነው። ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል።

«ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ነው ያስዘፈዘፈችኝ» አለች እየሩስ ከኋላዋ። «ለምንሽ ነው እማዬ ስላት፣ ለኅዳር ሃያ አንድ ነዋ አለችኝ።»

ብርቄ ጓዳው ወለል ላይ ተቀመጠች። በቀብሩ ቀን ያልመጣላት ልቅሶ አሁን መጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እስኪሰማው ድረስ አለቀሰች። ቅጠሉን ስትነካው ጠርዙ ደርቋል። ብቅል ደግሞ እንዲህ ሲሆን ውሃ ይፈልጋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያስታወሰው ሰው የለም። ተነሥታ ጣሳ ፈለገችና ከእንስራው ቀድታ አርከፈከፈችበት።