ንፋሱ የተናገረው ቃል

መምህር መንግስቴ የአብነት ትምህርት አገር በሆነችው ቤተ ልሔም የተወለደ ሰው ነው። አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩና አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ምሥጢር እንዴት እንደሚፈርስ በአለንጋ ጭምር አስተምረውታል። እሱ ግን ልቡ ወደ እንግሊዝኛው አደላና ንፋስ መውጫ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር ኖረ። ተማሪዎቹ «ቀይ እስክርቢቶ» ይሉታል። ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

ባለፈው የካቲት ዘጠነኛ ክፍሎችን ስለ ቤታቸው አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዘዘ። ፀደይ የምትባል፣ ከስማዳ ገደል ሥር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ከጽሑፏ መሃል አንዱ ዓረፍተ ነገር «ሰው ሊሞት ሲል ንፋሱ በራችን ላይ ያስላል» የሚል መሰለው። «ሳል» የሚለውን ቃል (cough) በ«ሲ» መጀመር ሲገባት በ«ኤስ» ጀምራ sough ብላዋለች። ፊደሏን ሰርዞ አንድ ነጥብ ቀነሰባትና ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ንፋሱን ጉንፋን ይዞታል!» ብለው ሳቁ።

ፀደይ አልሳቀችም። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ጠረጴዛው ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ያስላል ለማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ለማለት ነው?»

«ንፋሱ የሚለውን ነው የጻፍኩት። አያቴ ሊያርፉ ሲሉ 'ሳፍ... ሳፍ...' ይል ነበር። አጎቴም ሲሞት እንደዚያው። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ፣ እርስዎ 'ራፍ' (rough) እና 'ታፍ' (tough) እንዴት እንደሚጻፉ እንዳስተማሩን አድርጌ ጻፍኩት።»

«የሰማሽው ድምፅ ሁሉ ቃል አይሆንም። እንዲህ የሚባል እንግሊዝኛ የለም» አላት።

«እሺ፣ ቲቸር» ብላ ወጣች።

ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣ አለ። የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት አገላበጠ፤ የለም። ስልኩ ላይ እንዳይፈልግ ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡትን የእንግሊዝኛ መምህር ጋሼ ሥዩምን ሊጠይቅ ሄደ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጡብ የሚያክል መዝገበ ቃላት አላቸው።

«ምን ልትፈልግ ነው?» አሉት።

«አለመኖሩን ላረጋግጥ ነው።»

ጣቱን በገጹ ላይ ቁልቁል ሲነዳ ቆየና ቀጥ አለ። ቃሉ አለ። ፊደሉ ልጅቱ እንደጻፈችው ነው፤ ትርጉሙም እንደ ሰው የሚያቃስት የንፋስ ድምፅ ይላል።

ጋሼ ሥዩም መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አነበቡት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር አላጋጠመኝም። ልጅቱ ከየት አገኘችው?»

«ከንፋሱ» አለ መንግስቴ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለትም።

ሰኞ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲገባ ቦታዋ ባዶ ነው። አብራት የምትኖረው ትዝታ ተነሥታ ነገረችው።

«ቅዳሜ ልብስ እያጠብን ሳለ ድንገት ቀና አለችና 'መጣ' አለችኝ። ቲቸር፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ማንም አልደወለላትም። ነጠላዋን አንሥታ ወደ አገሯ ሄደች።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት ገደማ።»

መንግስቴ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በዚያ ሰዓት ጣቱ ቃሉ ላይ ነበር።

ፀደይ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። እናቷ እሑድ ጎህ ሲቀድ አርፋ ኖሯል። መንግስቴ ቃሉን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈና ወደ ክፍሉ ዞረ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህ ቃል አለ» አለ።

ፀደይ ሰሌዳውን ትኩር ብላ አየችው። «ቲቸር፣ ይህን ቃል ያወጡት እንግሊዞቹ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ንፋሱ እነሱም ቤት ይመጣል ማለት ነው።»

በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። «ሳይመጣ አይቀርም» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተመስገን» አለች። «እኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር።»