ለአያ ፈንታ ያልተነገራቸው ቁጥር

ዶክተር ያሬድ፣ ይህን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የምጽፈው አንተም እንድታነበው ነው። አያ ፈንታ ትናንት ከሰዓት ወደቁ፣ ዛሬ ጠዋት ሞቱ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል አሉን ሆስፒታል።

እኔ አሁንም አላመንኩም። ትናንት ጠዋት እኮ አዘዞ መንገድ ላይ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። "ቀስ ብለህ ንዳ፣ እኔ ለመሞት አልቸኮልኩም" ሲሉት ስቄያለሁ።

ለማታውቋቸው፦ አያ ፈንታ ብራና ላይ የሚጽፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ጎረቤቴ። ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ቃል ዘልዬ ስሮጥ "ቀስ በይ አንች፣ ፊደል እንደ በግ አይሸሽም" ይሉኝ ነበር።

ዶክተር፣ አንተ አምና መጣህ። የእርጅናን በሽታ አጥንቼ መከላከያውን አገኛለሁ አልከን። ሽማግሌዎቹን የሰበሰብኩልህ እኔ ነኝ። የአያ ፈንታን ዓይን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የስምምነት ወረቀትህን ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። በሽታ ከተገኘብዎ ይነገርዎታል፣ ወደ ሕክምና ይላካሉ ይላል። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ስንት መጽሐፍ የጻፈ እጅ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ጣታቸውን ይዤ ቀለሙን ያስነካሁት እኔው ነኝ።

ግፊታቸውን ስትለካ አጠገባቸው ነበርኩ። 210 በ120። ቁጥሩን አነበብኩት፤ ትርጉሙን ግን ማን አስተማረኝ? ሸጋ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ቀና ሳትል "ውጤቱ በኋላ ይገለጻል" አልከኝ። ደማቸውን ቀድተህ፣ አንድ አንድ ሳሙና ሰጥተኸን ሄድክ።

አያ ፈንታ ሦስት ጊዜ ወዳንተ አስደወሉኝ። ጥናቱ ገና አላለቀም አልክ። እሳቸውም "ክፉ ቢሆን ይነግሩን ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል" ብለው ተረጋጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጻፈ ነገር አክባሪ ነበሩ።

ዛሬ ሆስፒታል ያንን ቁጥር ለነርሷ ነገርኳት። መቼ እንደተለካ ጠየቀችኝ። ከዚያ "በዚያው ቀን መድኃኒት መጀመር ነበረባቸው" አለች። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው አለች። ጤና ጣቢያው እኮ ከቤታቸው በእግር ይደረሳል።

ጥናት ይቁም አላልኩም። እኛም እያረጀን ነው፣ የሚያጠናን እንፈልጋለን። አንተ ግን ሰውዬውን ትተህ ቁጥሩን ይዘህ ሄድክ።

አያ ፈንታ፣ አንቱ በሰላም ይረፉ። ያንን ወረቀት ያመኑት በእኔ ድምፅ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ዶክተሩ ለሁለተኛ ዙር እመጣለሁ፣ ሰው ሰብስቢልኝ ብሎኛል። ይምጣ። እኔ ሰው አልጠራለትም። ወረቀቱን ለማንም አላነብለትም። ከእንግዲህ የማንንም ሽማግሌ ጣት ይዤ ቀለም አላስነካም።