ባዶው መሰኪያ

የጌም መጫወቻ ጠጋኙ መነጽሩን በክር አስሮ፣ ካቻቢቴውን ከጆሮው ጀርባ ሰክቶ ይውላል። ከፊቱ ሁለት ወንድማማቾች ለጥገና ባመጧት መጫወቻ ይሟገታሉ።

«በእጅ ብቻ ይዘው የሚጫወቱበት ነው አልኩህ!»

«ቲቪ ላይ ይሰካ የለ እንዴ? የእጅም የቲቪም ነው። ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱን!»

ቀና ሳይል፣ «ከቲቪ የሚያገናኘው መሰኪያ ቤት ካለ የሁለቱም ነው፤ ከሌለማ የእጅ ብቻ ነው» አላቸው።

የእሱ መሰኪያ ቤቱ፣ ቲቪው ሥር ተቀምጧል። ከሚስቱ ጋር ከተለያዩ ወዲህ ሴት ልጁ በየቅዳሜው መጫወቻዋን ይዛ እየመጣች ትሰካበት ነበር። ባለፈው ወር ደውላ፣ «አባዬ፣ እንጀራ አባቴ እዚህም መሰኪያ ገዛልኝ» አለችው። «እሰይ፣ የኔ ልጅ» አላት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እሱ ግን አቧራውን መጥረግ አልተወም።

«ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተን እንውሰዳት?» አለ ታላቅየው።

«ቅዳሜ ከሰዓትማ ዝግ ነው፤ ልጄ ትመጣለች።»