ልጁ በሰላም የገባበት ቲያትር

እሁድ ከሰዓት በኋላ... ሶዶ አራዳ፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ላላ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮውን ከበን ተቀምጠናል። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ገብቷል፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ወሬው ብቻ ነው።

የምንጠብቀው ሁላችንም የምንወደውን የሙዚቃ ቲያትር ነበር። ልጇ ዘምቶ የቀረባት እናት ታሪክ ነው። አሁን ለቴሌቪዥን እንደ አዲስ ተሠርቶ ድምፁ በሬዲዮም ይተላለፋል ተብሏል።

በወላይትኛ «አዬ» እያልን እንደ እናታችን የምንጠራቸው የዳንሳ እናትም መጡ። ልጃቸው ዳንሳ ኮንጎ ዘምቶ እዚያው ቀረ። መርዶው ደረሳቸው እንጂ ሬሳው አልመጣም፤ እሳቸውም «ያላየሁትን አልቀብርም» ብለው ለቅሶ አልተቀመጡም። ግን ያ ቲያትር በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ቀቅለው ይመጣሉ።

አንድ ቀን «አዬ፣ ይሄ እኮ ቲያትር ነው» ብላቸው፣ «ታዲያ ለቅሶ ቤት ባዶ እጄን ልምጣ?» አሉኝ። እናትየዋ ስታንጎራጉር አብረዋት ያለቅሱና ትንሽ ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ።

ቲያትሩ ተጀመረ። እኔ ገና በመጀመሪያው ዘፈን ፊቴ ተኮሳተረ... የድሮዋ ዘፋኝ አንጀት ትበላ ነበር፣ ይቺኛዋ ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው። አቶ ላላ ግን «ዝም በል አንተ መምህር፣ ሙዚቃው አምሯል» እያለ በእግሩ ወለሉን ይመታል።

መጨረሻው ደረሰ። እናትየዋ መርዶ የምትሰማበት ቦታ ላይ በሩ ተንኳኳ... ልጁ ነው። በሰላም ገባ። እልልታ፣ ከበሮ ሆነ።

አቶ ላላ መቀሱን አስቀምጦ አጨበጨበ። «እንዲህ ነው እንጂ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አስለቀሱን» አለ። እኔም ኩርፊያዬን ረስቼ ደስ አለኝ።

የዳንሳ እናት ሬዲዮውን ትኩር ብለው አዩት።

«የሷ መጣ?» አሉኝ።

«አዎ አዬ፣ መጣላት።»

«ጌታ ይመስገን» አሉ። ቀጥለውም... «እስከ ዛሬ ሁለት ነበርን። አሁን ብቻዬን ቀረሁ።»

እሳቸው ያን ሁሉ ዘመን አፍነው የያዙትን «ዳንሳ... ዳንሳ...» እያሉ አወጡት። የልጃቸውን ስም ጠርተው ሲያለቅሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አቶ ላላ ሬዲዮውን ዘጋና ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፤ እኔም ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ።

ልጅ በሰላም ገባ ተብሎ ለቅሶ የተቀመጥነው ያን ቀን ብቻ ነው።