አባዬ በከረባት ቸርችልን ሲሮጥ

ዛሬ ጠዋት አባዬ ሱፍና ከረባቱን እንዳደረገ ቸርችል ጎዳና ላይ ሲሮጥ አየሁ። እስካሁን አልተረጋጋሁም።

ታላቅ ወንድሜ ናቲ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሮጦ ካልተመለሰ ቀኑን ሙሉ ይጨንቀዋል፣ ደብተርም አይገልጥም።

አባዬ ግን «በፈተና ሳምንት ሩጫ ጉልበት መጨረስ ነው» ብሎ ከለከለው። (እሱ ስፖርት የሚያውቀው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው።)

ዛሬ የፈተናው ቀን ደረሰ። ናቲ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ «አልፈተንም» አለ። ለሥራ ሱፉን ለብሶ ሊወጣ የነበረው አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ።

«በቃ ና ውጣ፣ አብሬህ እሮጣለሁ።»

ናቲ ከፊት፣ ባለ ከረባቱ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ሳቄን ይዤ ከሁለቱም ኋላ። አንድ ባለሱቅ ናቲን ሌባ መስሎት ሊይዘው ተነሳ።

አባዬ እያለከለከ «ተወው ወንድሜ፣ ልጄ ነው፣ ፈተና አለበት» አለው።

ናቲ ቤት ተመልሶ ታጠበና ተረጋግቶ ሄደ። ከሰዓት ሲመጣ «ሁሉንም ሠራሁ» አለን።

አባዬ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደነከረ «ነገስ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ሲል ጠየቀው።

«አስራ ሁለት ሰዓት። ግን ታዘገየኛለህ።»

የእናንተስ ወላጆች እንዲህ አስደንግጠዋችሁ ያውቃሉ? ጻፉልኝ፣ ለአባዬ አነብለታለሁ።